አንቶን ጌሲንክ፦ ጃፓንን በገዛ ቤቷ ያሸነፈው የዩትሬክት ልጅ

የቂርቆስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ቶኪዮ 1964 ሲነሳ እኛ ዘንድ ወሬው ሁሉ አበበ ቢቂላ ነው። ይገባዋልም። ግን አበበ ማራቶኑን ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን፣ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ የስፖርት ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያወሩት ሌላ ነገር ሆኗል። ባለቤቱ አንቶን ጌሲንክ ይባላል። ሆላንዳዊ ነው፤ የጁዶ ሰው። ስለሱ የማውቀውን ልጻፍና እናንተ ጨምሩበት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ጃፓኖች ጁዶን እንዴት እንደሚያዩት። መሥራቹ ጂጎሮ ካኖ ናቸው። በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የሚባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሙያቸው መምህርነት ነበር፤ ጁዶንም ሰው የሚታነጽበት ትምህርት አድርገው ነው ያሰቡት። በ1909 ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። በ1938 ካይሮ ላይ ከተደረገ የኮሚቴው ስብሰባ ሲመለሱ መርከብ ላይ አረፉ። ጁዶ ኦሎምፒክ ሲገባ ለማየት አልታደሉም።

በ1964 ተራው ለቶኪዮ ሲደርስ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ለዚሁ ብለው ኒፖን ቡዶካን የሚባለውን ትልቅ አዳራሽ ሠሩ። ምድቡ አራት ነበር፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ እና ክብደት የማይገድበው። ኦክቶበር 20 ናካታኒ አሸነፈ። 21 ኦካኖ። 22 ኢኖኩማ። ሦስቱም የጃፓን ልጆች ናቸው። (ኦካኖ ያሸነፈበት ቀን አበበ የሮጠበት ቀን ነው።)

አራተኛው ምድብ ግን የክብር ጉዳይ ነበር። ጁዶ ሲሰበክ የኖረው ትንሹ ትልቁን በጥበብ ይጥለዋል ተብሎ ነው። ይህ የሚፈተነው ደግሞ ክብደት በማይገድበው ምድብ ነው። ጃፓን አኪዮ ካሚናጋን አሰለፈች። ከፊቱ የቆመው 1 ሜትር ከ98 የሚረዝም የ30 ዓመት ሆላንዳዊ ነው።

ቡዶካን ጢም ብሎ ሞልቷል፤ 15,000 ያህል ሰው። ሁለቱ በማጣሪያው ተገናኝተው ጌሲንክ አሸንፎ ነበር። በፍጻሜውም ተገናኙ። ግጥሚያው ከ9 ደቂቃ በላይ ሄደ። ካሚናጋ ለመጣል ገባ፤ አልሆነለትም። ጌሲንክ ምንጣፉ ላይ አስቀረውና አንገቱንና ክንዱን አቅፎ ተጫነው። ኬሳ ጋታሜ የሚሉት አያያዝ ነው። በዚያን ጊዜ ደንብ 30 ሰከንድ መያዝ ያስፈልጋል። ካሚናጋ ተወራጨ፣ ወገቡን አነሳ፣ ዞረ። ሰዓቱ ሞላ። አዳራሹ እርጭ አለ።

እኔ ደጋግሜ የማየው ከዚያ በኋላ ያለችውን ቅጽበት ነው። የሆላንድ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ተነሱ። ጌሲንክ እጁን ዘርግቶ እዚያው አቆማቸው። በጫማ ታታሚ (የጁዶው ምንጣፍ) ላይ አይወጣም። የተሸነፈ ሰው ፊትም አይጨፈርም። ከዚያ ልብሱን አስተካክሎ ለካሚናጋ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

እኔ የምለው፣ ያ እጅ ባይዘረጋ ኖሮ ጃፓኖች ጌሲንክን እንደ ቀማኛ ያዩት ነበር። ስለተዘረጋ ግን እንደ ራሳቸው ተማሪ አዩት። ቀሪ ሕይወቱንም ሳነብ የማገኘው ይህንኑ ተማሪ ነው። እስቲ እናንተስ?

ጋሽ ትራንዚስተር

ልጄ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። አበበ ያሸነፈው በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ነው። ሬዲዮ ያለው ሰው ደጃፍ ላይ ተኮልኩለን ነው የሰማነው። ስለ ሆላንዱ ሰውዬ ግን የነገረን አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በማራቶኑ ኮኪቺ ትሱቡራያ የሚባል የጃፓን ወታደር ከአበበ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ገባ። ሕዝቡ ቆሞ ሲጮህለት እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ እዚያው በሕዝቡ ፊት አለፈው። ነሐስ አገኘ። ነሐስ ትንሽ ነገር ነው? ለእሱ ግን ውርደት ሆነበት። በጃንዋሪ 1968 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ነፍሱን ይማር።

ይህን ያመጣሁት ካሚናጋ ትከሻ ላይ ምን እንደነበረ እንድታስቡት ነው። ያ ትውልድ ከጦርነት ፍርስራሽ ገና መነሳቱ ነበር። ኦሎምፒኩ አገር ተነሣች የሚባልበት ነው። በዚያው በኦክቶበር 23 ማታ የጃፓን ሴቶች በመረብ ኳስ ሶቪየት ኅብረትን አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። ቀን ያዘነ ከተማ ማታ ጨፈረ።

ሳሪስ 77

ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። ሰውዬው ወደ ሁለት ሜትር ነው። ክብደቱ ከ115 ኪሎ በላይ። ካሚናጋ በቁመትም በኪሎም በብዙ ያንሰዋል። ይሄ የጥበብ ድል ነው ወይስ የጉልበት? ትልቅ ሰው ትንሽ ሰው ላይ ቢወድቅበት ምን ይገርማል?

ጥቁር ቀበቶ

ሳሪስ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ጁዶ የሠራ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። እኔ ስዊድን ነው የምኖረው፤ ብዙ ጊዜ ምንጣፍ ላይ አሳልፌያለሁ።

ኬሳ ጋታሜ ማለት እንዲህ ነው። ተጋጣሚህ በጀርባው ወድቋል። አንተ ጎኑ ላይ ቁጭ ትላለህ። አንዱ ክንድህ አንገቱን ዞሮታል። በሌላው የእሱን ክንድ ብብትህ ሥር ቆልፈህ እጅጌውን ጨምድደህ ይዘሃል። እግሮችህን ከፍተህ መሬቱን ትይዛለህ። የደረትህ ክብደት በሙሉ ጎድኑ ላይ ነው። ከሥር ያለው ትንፋሽ ባወጣ ቁጥር አንተ ትንሽ ትወርዳለህ። መልሶ ሊስብ ሲል ቦታ የለም። ከሥር ሆኜ አውቀዋለሁ፤ ከአሥር ሰከንድ በኋላ የገዛ ልብህ ምት ጆሮህ ውስጥ ይደልቃል።

አሁን ወደ ነጥቡ። ይህን አያያዝ የማያውቅ ግዙፍ ሰው በቀላሉ ይገለበጣል። ከሥር ያለው በግራ የሚገፋ መስሎ በቀኝ ያገላብጠዋል። ክብደቱ ራሱ ይጥለዋል። ካሚናጋ የሜይጂ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፣ የጃፓን ሻምፒዮን የነበረ። ማምለጫውን ሁሉ ያውቃል። 30 ሰከንድ ሙሉ የሞከረውን ጌሲንክ እየቀደመ ዘጋበት። ቪዲዮውን ስታይ የጌሲንክን ክንድ ተወውና ዳሌውን እይ። ካሚናጋ በዞረ ቁጥር አብሮት ይዞራል። ይህ በኪሎ የሚመጣ አይደለም፤ ሺህ ጊዜ ተሠርቶ ነው የሚመጣው።

ቁመቱ አልረዳውም አልልም። ረድቶታል። ግን ከሱ በፊትም ረጃጅም አውሮፓውያን ጃፓን እየሄዱ ተጥለው ተመልሰዋል።

የቂርቆስ ልጅ

ጥቁር ቀበቶ፣ እጅህ ይባረክ። ሳሪስ፣ ለአንተ ደግሞ የሰውየውን መንገድ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ጌሲንክ በኤፕሪል 1934 ዩትሬክት ተወለደ። ቤታቸው የድሃ ቤት ነው። ገና በልጅነቱ ግንባታ ላይ ሥራ ገባ። ጁዶ የጀመረው በ1948፣ በ14 ዓመቱ። በ1951 ለአውሮፓ ሻምፒዮና ቀረበና ብር ይዞ ተመለሰ። በ1952 ወርቅ። ከዚያ በኋላ አውሮፓ ውስጥ የሚያቆመው ጠፋ፤ እስኪተው ድረስ 21 የአውሮፓ ማዕረግ ሰብስቧል።

ጃፓን ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1956 ቶኪዮ ላይ ሲደረግ ሄደ። በግማሽ ፍጻሜ ዮሺማትሱ አሸነፈው፤ ነሐስ። በ1958 እንደገና ቶኪዮ፤ ያኔ ጭራሽ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ። ሳሪስ፣ ያኔም ቁመቱ ያው ነው። ቁመት ብቻ ቢበቃ ያኔ ያሸንፍ ነበር።

ምን አደረገ? መምህር ፈለገ። ሃኩ ሚቺጋሚ የሚባሉ ጃፓናዊ ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ውስጥ ይኖሩ ነበር። የሆላንድን ጁዶ ማሠልጠን ከጀመሩ በኋላ ጌሲንክን እንደገና ቀረጹት። ጃፓንም እየሄደ በቴንሪ ዩኒቨርሲቲ ሠለጠነ። እስቲ አስቡት፤ የሚገጥማቸው ሰዎች አገር ሄዶ፣ እነሱው ምንጣፍ ላይ፣ እነሱው እየጣሉት ነው የተማረው። ቴንሪዎችም አልከለከሉትም። አስተማሩት።

በዲሴምበር 1961 ፓሪስ ላይ ፍሬው ታየ። ያኔ የዓለም ሻምፒዮና የክብደት ምድብ አልነበረውም፤ አሸናፊው አንድ ሰው ነው። ጌሲንክ በፍጻሜው የቀድሞውን ሻምፒዮን ኮጂ ሶኔን አሸነፈ። ከጃፓን ውጭ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ ቶኪዮ ድንገተኛ ነገር አልነበረም። ጃፓኖች ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ እየመጣ እንደሆነ ያውቃሉ። ለካሚናጋ የባሰውም ይህ ይመስለኛል፤ የሚመጣውን ሰው እያወቀ ነው የጠበቀው።

በ1965 ሪዮ ላይ በከባድ ሚዛን እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የመጨረሻው የአውሮፓ ማዕረጉ በ1967 ነው። ከዚያ በቃኝ አለ።

ዩትሬክት 030

ሰላም ከዩትሬክት! ክሩን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እዚህ ከተማ በስሙ የተጠራ መንገድ አለ። እስኪሞት ድረስ የኖረውም እዚያው ነው። ኦገስት 27 ቀን 2010 ነው ያረፈው፣ በ76 ዓመቱ፣ በተወለደባት ከተማ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ጎረቤቶቼ ስሙን ሲጠሩት እንደ ዘመድ ነው። እኔ እንደ አበሻ የሚገባኝ በዚህ ነው፤ እኛ አበበን በአንድ ስሙ ብቻ እንደምንጠራው።

ልጄ ጁዶ ይሠራል። በሆላንድ ጁዶ የሰፈር ነገር ነው፤ ብዙ ሕፃን ዋና ተምሮ ሲጨርስ ወይ እግር ኳስ ወይ ጁዶ ይገባል። አዳራሹ በር ላይ ነጠላ ጫማዎች ተደርድረዋል። ጫፋቸው ወደ በሩ ዞሮ ነው የሚቀመጠው። ልጆቹ ምንጣፉን ከመርገጣቸው በፊት ጎንበስ ይላሉ። አሠልጣኟ ጥፍራቸውን ታያለች፤ የረዘመ ካለ መቁረጫ ይዛ መጥታለች። ከዚያ መውደቅ ይለማመዳሉ። በጎን፣ በጀርባ፣ ወደፊት ተንከባሎ። ምንጣፉን በመዳፋቸው ሲመቱት አዳራሹ ይንጣጣል። ልጄ የመጀመሪያዎቹን ወራት ማንንም አልጣለም። መውደቅ ብቻ።

እና የቂርቆስ ልጅ ስለ እጁ የጻፈው ነገር እዚህ ይገባኛል። አንድ ቀን አንድ አባት ልጁ ሲያሸንፍ በጫማው ዘሎ ምንጣፉ ላይ ሊወጣ ሲል አሠልጣኟ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ሰውየውም ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሰ።

አምስተርዳም ኦስት

ዩትሬክቶች ጌሲንክን ስታነሱ ስለ እኛ ሰው ዝም እንድል አትጠብቁ። ቪም ሩስካ!

ሩስካ የአምስተርዳም ልጅ ነው፣ የ1940። ጁዶን ያወቀው ባሕር ኃይል ውስጥ ሲያገለግል፣ በ20 ዓመቱ አካባቢ ነው። በ20 ዓመት ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን መሆን ቀልድ አይደለም። እሱ ግን ሁለቴ ሆነ፤ በ1967 ሶልት ሌክ ሲቲ፣ በ1971 ሉድቪግስሃፈን።

ከዚያ ሚዩኒክ 1972። ጁዶ በ1968 ሜክሲኮ ላይ አልነበረም፤ ሚዩኒክ ላይ ነው የተመለሰው። ሩስካ በከባድ ሚዛን ጀርመናዊውን ክላውስ ግላንን አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ክብደት በማይገድበው ምድብ ቀረበ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በሶቪየቱ ቪታሊ ኩዝኔትሶቭ ተሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ወርቅ አለኝ ብሎ ይተኛ ነበር። እሱ ለተሸነፉ ሁለተኛ ዕድል በሚሰጠው ማሟያ ዞሮ ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያ ያገኘው ያንኑ ኩዝኔትሶቭን ነው። ይዞ አስቀረው። በአንድ ኦሎምፒክ ሁለት የግል የጁዶ ወርቅ የወሰደ ሌላ ወንድ የለም። ዛሬ ክብደት የማይገድበው ምድብ ከኦሎምፒክ ስለወጣ ወደፊትም አይኖርም።

ግን አገሩ አልጨፈረለትም። በሁለቱ ወርቆች መካከል ሴፕቴምበር 5 ነበረ። የእስራኤል ልዑካን ላይ ጥቃት ደረሰ። ከሆላንድ ስፖርተኞች አንዳንዶቹ አንወዳደርም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሩስካ ቀረ። ሁለተኛው ወርቅ የመጣው በሴፕቴምበር 9 ነው። ብዙ ሰው በዚህ ቅር ተሰኝቶበታል።

ከዚያም የጌሲንክን ያህል ስም፣ ሹመት፣ ኮሚቴ አልቀረበለትም። ጃፓን ሄዶ በፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ሠራ፤ በ1976 ቡዶካን ውስጥ ከአንቶኒዮ ኢኖኪ ጋር ገጠመ። በ2001 ስትሮክ መታው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በተሽከርካሪ ወንበር ኖረ። በ2013 የዓለም ጁዶ ፌዴሬሽን የታላላቆቹ መዝገብ ውስጥ አስገባው። በፌብሩዋሪ 2015 አረፈ። እኔ የምለው፣ ይህ ሰው በሕይወት እያለ የሚገባውን አላገኘም።

ናታንያ

ሚዩኒክ ሲነሳ እኔም ልናገር። የምኖረው እስራኤል ነው። እዚህ ያ ቀን ተራ የስፖርት ታሪክ አይደለም። 11 ሰዎች ናቸው የሞቱት።

አምስተርዳም ኦስት፣ ሩስካን ልፈርድበት አልመጣሁም። ሕይወቱን በሙሉ ለአንድ ቀን ያዘጋጀ ሰው ነው። የሄዱትም የቀሩትም የየራሳቸው ኅሊና አላቸው። ግን የሆላንድ ሕዝብ ለምን እንዳልጨፈረ ይገባኛል። እንዴት ይጨፈራል?

አንድ ነገር ግን እወቁ። እስራኤል የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያዋን ያገኘችው በጁዶ ነው። በ1992 ባርሴሎና፣ ያኤል አራድ፣ ብር። ሜዳሊያውንም በሚዩኒክ ለተገደሉት ቤተሰቦች መታሰቢያ አደረገችው። ከ20 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በማግስቱ ኦረን ስማጃ ነሐስ ጨመረ። ዛሬ በየከተማው የጁዶ አዳራሽ አለ፤ የእኛም ማኅበረሰብ ልጆች ይሠራሉ።

አምስተርዳም ኦስት

ናታንያ፣ አመሰግናለሁ። ያኤል አራድ ሜዳሊያዋን ለነሱ እንዳደረገችው አላውቅም ነበር።

ጥቁር ቀበቶ

ጌሲንክ ከምንጣፍ ከወረደ በኋላ የሠራው አንድ ነገር ገና አልተነሳም፤ ሰማያዊው ልብስ።

ድሮ ሁለቱም ተጋጣሚዎች ነጭ ነበር የሚለብሱት። የሚለያቸው ወገባቸው ላይ የሚታሰር ቀይና ነጭ መለያ ነው። ሁለት ሰው ሲጠላለፍ ግን እጁ የማን ነው፣ እግሩ የማን ነው አይታወቅም። ዳኛም ይሳሳታል። ቴሌቪዥን ላይማ ጭራሽ። ጌሲንክ በ1986 ማስትሪክት ላይ በተደረገ ስብሰባ አንዱ ሰማያዊ ይልበስ አለ። ጃፓኖች አልተቀበሉትም። ነጭ ለነሱ የንጽሕና ቀለም ነው፤ ሃይማኖት እንደነካባቸው ነው ያዩት። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሄደ። አውሮፓ ቀድማ ተቀበለች፤ የዓለም ፌዴሬሽኑ በ1997 አጸደቀው። በኦሎምፒክ መጀመሪያ የታየው በሲድኒ 2000 ነው።

ሲድኒ ላይ ደግሞ ማርክ ሁይዚንጋ የሚባል ሌላ ሆላንዳዊ በ90 ኪሎ ወርቅ ወሰደ። የፍላርዲንገን ልጅ። በአራት ኦሎምፒክ የተሰለፈ፣ ከ1996 እስከ 2008። አትላንታና አቴንስ ላይ ነሐስ አለው። ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ለብቻው ክር ይገባዋል።

ስለ ሰማያዊው የእኔ አስተያየት፦ ጌሲንክ ትክክል ነበር። የልጅነት አሠልጣኜ ግን እስከ መጨረሻው ሰማያዊ አልለበሰም። ለሱም ክብር አለኝ።

ሳሪስ 77

ስለ ቁመቱ አሳምናችሁኛል፤ የ1958ቱ ነገር ጨረሰው። ግን የቂርቆስ ልጅ፣ ሰውየውን መልአክ እንዳታደርገው። ከ1987 ጀምሮ የዓለም አቀፍ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ነበር። በ1999 የሶልት ሌክ ሲቲ የጉቦ ጉዳይ ሲፈነዳ ማስጠንቀቂያ ከተሰጣቸው አባላት አንዱ እሱ ነው። በስሙ ለተቋቋመ ፋውንዴሽን ገንዘብ ተሰጥቶ ነበር። ይህም የታሪኩ አካል ነው። በሰባዎቹ ደግሞ ጃፓን ሄዶ ለገንዘብ ሬስሊንግ ሠርቷል። ያ ሁሉ ክብር፣ ያ ሁሉ ጎንበስ ማለት፣ ከዚያ ለትርዒት መታገል?

የቂርቆስ ልጅ

ሳሪስ፣ ማስጠንቀቂያው እውነት ነው፤ መጻፉም ጥሩ ነው። ከኮሚቴው ተባረው የወጡ አሉ፤ እሱ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ቀረ። የኮሚቴ አባል ሆኖ በስምህ ገንዘብ ሲገባ ዝም ማለት አይገባም። እኔም ቅር ይለኛል።

ሬስሊንጉን ግን እንደ ኃጢአት አላየውም። በዚያን ዘመን የጁዶ ወርቅ እንጀራ አይሆንም። ሰውየው ከልጅነቱ ግንባታ ላይ ሲለፋ ያደገ ነው። ከ1973 ጀምሮ የጃፓን መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ የሚያየው ያንን የቶኪዮውን ሰው ነው። ጠልተውት ቢሆን ኖሮ ትኬት ባልገዙ።

ሰው የሚረሳው ካሚናጋን ነው። ከዚያ ሽንፈት በኋላ ምን ሆነ? ሰበብ አልደረደረም። በአረብ ብረት ኩባንያ ተቀጣሪ ነበር፤ በማግስቱ እንደወትሮው ሥራ ገባ ይባላል። በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። ጃፓን ያንን ክብደት የማይገድበውን ወርቅ ያገኘችው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1976 ሞንትሪያል ነው። ያመጣው ሃሩኪ ኡዌሙራ ሲሆን እሱም እንደ ካሚናጋ የሜይጂ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። ካሚናጋ በ1993 አረፈ፤ ገና 56 ዓመቱ ነበር።

ጋሼ ትራንዚስተር፣ እርስዎ ስለ ትሱቡራያ የጻፉትን ሳነብ ስለ ካሚናጋ ነው ያሰብኩት። ሁለቱም ያንኑ ሸክም ተሸከሙ። አንዱን ሰበረው። ሌላው እንዴት ቆመ? ብዙ ነገር ይኖረዋል። ግን ያሸነፈው ሰው ሕዝቡ ፊት አላዋረደውም። ይህ ምንም አልረዳውም ማለት ይከብደኛል።

ጋሽ ትራንዚስተር

እውነትህን ነው ልጄ። ያሸነፈህ ሰው ካከበረህ ቤትህ ቀና ብለህ ትገባለህ። የሆላንዱ ሰውዬ ይህን ከማን ተማረ ብትለኝ፣ ከነዚያው ካስተማሩት ጃፓኖች ነው።

ሪያድ ኦላያ

ካይሮ ስላደግኩ የአፍሪካውን ልጨምር። በ1984 ሎስ አንጀለስ ክብደት በማይገድበው ምድብ ፍጻሜ የደረሰው ግብፃዊው ሞሐመድ ራሽዋን ነው። የገጠመው ያሱሂሮ ያማሺታን፤ ያኔ በዓለም ላይ የሚያሸንፈው ያልነበረ ጃፓናዊ። ያማሺታ ግን ቀደም ባለው ግጥሚያ ባቱ ተጎድቶ እያነከሰ ነው የገባው። ራሽዋን የተጎዳውን እግር አላጠቃም ብሎ ነበር፤ ብር ይዞ ተመለሰ። ቪዲዮውን አይተው በሌላው እግር በኩል የሄደበት ጊዜ አለ፣ የለም ብለው የሚከራከሩ አሉ። ጃፓኖች ግን ሰውየውን ወደውታል። የፌር ፕሌይ ሽልማትም አግኝቷል። ክብደት የማይገድበው ምድብ ለኦሎምፒክ የመጨረሻ ጊዜው ያ ነበር።

ሳሪስ 77

ራሽዋንን አስታወስከኝ! አባቴ ያወራለት ነበር። የቂርቆስ ልጅ፣ ጥሩ ክር ነው። ማታ ያንን የ1964ቱን ግጥሚያ ከመጀመሪያው አየዋለሁ፤ ጥቁር ቀበቶ እንዳለው ዳሌውን እያየሁ።

የሚኪ እናት

ሁሉንም አነበብኩት፣ በጣም ደስ ይላል። ጥቁር ቀበቶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ደቃቃ ነው፣ ትምህርት ቤት ይገፉታል። የምንኖረው ሮተርዳም ነው። ጁዶ ለማስገባት ገና ነው ወይስ ይሆናል? አጥንቱ እንዳይሰበርብኝ ፈርቻለሁ።

ጥቁር ቀበቶ

እህቴ፣ 6 ዓመት ጥሩ ዕድሜ ነው። ዩትሬክት 030 እንደጻፈው መጀመሪያ የሚማረው መውደቅ ነው፤ ስለዚህ አጥንቱን አትፍሪ። ማነቅና ክንድ መቆለፍ ለትንንሾች አይፈቀድም። ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆኑትን ነው የሚያገናኙዋቸው። ከመመዝገብሽ በፊት ሄደሽ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ እይ፤ ብዙ ክለቦች ልጁንም በነፃ ያስሞክሩታል። ስታዪ አሠልጣኙ የወደቀውን ልጅ ምን እንደሚለው ስሚ። ልብሱን ለጊዜው አሮጌ ግዢለት፣ ይረዝማል። ከነጠላ ጫማው ጋር ላኪው።

ዩትሬክት 030

የሚኪ እናት፣ የእኔ ልጅ የለበሰው አጥሮበታል፤ ቁጥሩ 120 ነው። ከደረሰለት በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ወደ ሮተርዳም እመጣለሁ።